ከኦጎልቾ እስከ አሰላ፦ ለቀላል ሕመም ሆስፒታል የምንሮጠው ለምንድን ነው?

ሌሊቱን ሕፃን ልጇ ሲያተኩሰውና ሲያስለው ያደረባትን አንዲት የኦጎልቾ እናት እናስብ። ጎህ ሲቀድ ከፊቷ ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ይመስላታል። አንደኛው ከመድኃኒት መደብር ሽሮፕ ገዝቶ መሞከር ነው። ሁለተኛው የትራንስፖርት ገንዘብ ተበድሮ፣ ልጁን አዝሎ ወደ አሰላ መውጣትና የሪፈራል ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ መሰለፍ ነው። በመካከል ያሉት ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ትዝ አይሏትም፤ ትዝ ቢሏትም «እዚያ ደግሞ ምን አለና?» ትላለች።

ምሳሌው የእኛ ነው፤ እንዲህ የምታስብ እናት ግን በዝዋይ ዱግዳም ሆነ በሌሎቹ የአርሲ ወረዳዎች ለማግኘት አይከብድም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ሐሳብም ከእሷ ጥያቄ የሚነሳ ነው። ሕዝባችን ለቀላል ሕመም ሆስፒታል የሚሄደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ቅርብ ያለውን በር ሲያንኳኳ ብዙ ጊዜ ዝግ ወይም ባዶ ሆኖ ስላገኘው ጭምር ነው። ስለዚህ «ሆስፒታል አታጨናንቁ» የሚለው ምክር ብቻውን ፋይዳ የለውም። ቅርብ ያለው በር የሚታመን መሆን አለበት፤ ሕዝቡም በዚያ በር ምን እንደሚያገኝና መቼ አልፎት መሄድ እንዳለበት ማወቅ አለበት።

ድንገተኛ ክፍል ለማን ነው?

አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ የአርሲ ዞንን ጨምሮ ከአጎራባች አካባቢዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያክማል። የአርሲ ዞን ሕዝብ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ሆስፒታል የተዘጋጀው ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው፣ ምጥ ለጠናባት፣ በመኪና አደጋ ለተጎዳ፣ መተንፈስ ላቃተው ነው።

በድንገተኛ ክፍል ተራ የሚያዘው በመጡበት ሰዓት አይደለም። ነርሷ መጀመሪያ የሕመሙን ክብደት ትለያለች። በአገራችን ሆስፒታሎች ይህ ልየታ በቀለም ይከፈላል፤ ቀይ አሁኑኑ መታየት ያለበት፣ ብርቱካናማና ቢጫ በቅደም ተከተል የሚከተሉ፣ አረንጓዴ ደግሞ መጠበቅ የሚችል ነው። ጉንፋን፣ ቀላል ተቅማጥ፣ የቆዳ ማሳከክ፣ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነው። እናም ከኦጎልቾ ማለዳ ተነስቶ የመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ድረስ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ስለተናቀ ላይሆን ይችላል፤ ሕመሙ እንዲጠብቅ ስለሚፈቅድ ነው።

ይህ ግን በሁለት በኩል ይጎዳል። ሕመምተኛው የትራንስፖርቱን፣ የምግቡንና የቀን ሥራውን ዋጋ ይከፍላል። ድንገተኛ ክፍሉ ደግሞ የአረንጓዴዎቹ ብዛት ቀዩን ለይቶ የማግኘቱን ሥራ ያከብድበታል። ባለሙያዎቹም ሰው ናቸው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ በበርካታ የአገሪቱ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው አይዘነጋም። በዚያው ዓመት ጥር ወር የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ፣ በእርዳታው ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ሸክሙ የበዛበት ክፍል ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ማንንም አይጠቅምም።

የቅርቡ በር ምን ይሠራል?

ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የስንዴ ገበሬው ስሟን በሌላም ያውቀዋል፤ ቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የለቀቀው የስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ይባላል። ወረዳው ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው ሞቃታማ ምድር ላይ ስለሚገኝ ከደጋው በተለየ ወባ ያሰጋዋል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው።

በመንግሥት የጤና አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ለሚደርስ ሰው ያገለግላል። በአካባቢው ኦሮምኛ «ኬላ ፈያ» የሚሉት ነው። ከእሱ ከፍ ያለው «ቡፈተ ፈያ» ወይም ጤና ጣቢያ በገጠር እስከ 25 ሺህ ሰው ያገለግላል ተብሎ የታሰበ ሲሆን በተለምዶ አምስት ጤና ኬላዎችን በሥሩ ይይዛል። ቀጥሎ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይመጣሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ዋና ሥራው መከላከል ነበር፤ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ። ብዙ ሰው ጤና ኬላን እስከ ዛሬ የሚያውቀው በዚሁ ነው። ነገር ግን ከ2003 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ማከም ጀምረዋል። በጤና ኬላ የሚከተሉት ይታከማሉ፦

- ወባ፦ ከጣት ጫፍ በምትወሰድ የደም ጠብታ በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤቱ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም እዚያው ይሰጣል። ወባ በአዋቂም ይመረመራል።
- የሕፃናት የሳንባ ምች፦ ባለሙያዋ የሕፃኑን ትንፋሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ አሞክሳሲሊን ይጀመርለታል።
- ተቅማጥ፦ ኦ.አር.ኤስ እና ለ10 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ይሰጣል።
- የከፋ የምግብ እጥረት፦ ሌላ ሕመም ካልተደረበበት አልሚ ምግብ ተሰጥቶ ክትትል ይደረጋል።

እንግዲህ መግቢያችን ላይ ያለችው እናት ልጇን ወደ ጤና ኬላ ብታደርሰው፣ ኬላው ክፍት ከሆነና መድኃኒት ካለው፣ ትንፋሹ ተቆጥሮ፣ ወባው ተመርምሮ፣ መድኃኒቱ ተሰጥቶት አሰላ የሚያደርሰው መኪና ሳይሞላ ቤቷ ትመለሳለች።

ለሙስሊም እናቶች አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ የተመረጡትም ከዚያው ማኅበረሰብ፣ ቋንቋውንና ባሕሉን ከሚያውቁት መካከል ነው። በወንድ ሐኪም መታየት የሚከብዳት እህት ችግሯን ያለ ሐፍረት የምትነግረው ሰው ያለው በዚህ በር ነው። ብዙዎቻችን ይህን አላጤንነውም።

ጤና ጣቢያው ደግሞ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ክፍል፣ የጤና መኮንን፣ ነርሶችና አዋላጆች አሉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጆሮ ሕመም፣ የጨጓራ ሕመም፣ በማጭድ የተቆረጠ ጣት መስፋትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መስጠት የዚሁ ቤት ሥራ ነው። ወሊድን በ24 ሰዓት ያስተናግዳል። የደም ግፊትና የስኳር ክትትልም በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተጀምሯል። ይህ በተለይ ረመዳን ሲቃረብ ዋጋ አለው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከጾሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ቢታይ፣ መጾም ይችል እንደሆነና መድኃኒቱን በሱሑርና በኢፍጧር እንዴት እንደሚወስድ ይነገረዋል። ሳይጠይቅ የጀመረው ግን ስኳሩ ወርዶ ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። ያኔ ሕመሙ ቀላል መሆኑ ያበቃል።

ታዲያ ሰው ለምን ያልፈዋል?

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት አለው። ሕዝቡ ቅርቡን በር የሚያልፍባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው።

የመጀመሪያው የመድኃኒት እጥረት ነው። ሕመምተኛው ተመርምሮ «መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም፣ ውጭ ግዛ» ከተባለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ የሚመለስበት ምክንያት የለውም። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ ከሐምሌ 2016ቱ የብር ተመን ለውጥ በኋላ የግል ፋርማሲው ዋጋ ለደሃው ይበልጥ ከብዷል።

ሁለተኛው በሩ ዝግ ሆኖ መገኘቱ ነው። በአንድ ኬላ የሚመደቡት ባብዛኛው ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። ሥራቸው ግማሹ ቤት ለቤት ነው፤ ስብሰባና ዘመቻም አለባቸው። እናቲቱ ልጇን ይዛ ስትደርስ ቁልፍ ካየች፣ በሚቀጥለው ሌሊት በቀጥታ ወደ አሰላ ብትነሳ ማን ይፈርድባታል?

ሦስተኛው እምነት ነው። «የተማረ ሐኪም» ያለው ሆስፒታል ብቻ ነው የሚል አመለካከት አለ። «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» የሚልም ብዙ ነው። ባለሙያዋ ልጁን አይታ «ይህ ጉንፋን ነው፤ ፈሳሽ ስጪው፤ ከጠናበት ተመለሺ» ብትል እንደ ሕክምና አይቆጠርም። ሆኖም አብዛኛው ጉንፋን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ትክክለኛው ሕክምና ያ ምክር ነው።

መንግሥት ችግሩን አያውቀውም ማለት አይቻልም። ጤና ሚኒስቴር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 እስከ 2035 የሚዘልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። በዕቅዱ መሠረት ከጤና ጣቢያ ርቀው ያሉ ኬላዎች ነርስና አዋላጅ ተጨምሮላቸው ሰፋ ያለ አገልግሎት የሚሰጡ ይሆናሉ፤ ለጤና ጣቢያ የቀረቡት ደግሞ ይዋሃዳሉ። ዕቅዱ ተገቢ ነው። ለወረዳው ነዋሪ ግን መለኪያው አንድ ነው፦ ሰኞ ጠዋት በሩ ክፍት ነው ወይ? መድኃኒቱስ አለ ወይ?

የጤና መድኑ ካርድ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም ኦሮሚያን ጨምሮ በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችሉት ደሃዎች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል።

አባላት ብዙ ጊዜ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። መድኑ የሚሠራው ከታች ጀምሮ ነው። አባሉ መጀመሪያ ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ከዚያ በላይ ሕክምና ካስፈለገው የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪው ሙሉ በሙሉ አይሸፈንለትም። ዓመቱን የከፈለ ገበሬ ለራስ ምታት አሰላ ሄዶ ከኪሱ ሲከፍል «መድኑ ውሸት ነው» ብሎ ይመለሳል። ውሸት አልነበረም፤ በር ተሳስቶ ነው።

ሌላው ወገን ግን መነገር አለበት። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ከሌለውና ካርድ የያዘው ሰው ከግል ፋርማሲ እንዲገዛ ከተላከ ውሉን ያፈረሰው ገበሬው አይደለም። አባላት ይህን በቀበሌና በወረዳ ስብሰባ ላይ በስምና በቀን መዝግበው መጠየቅ መብታቸው ነው። መዋጮው የራሳቸው ገንዘብ ነውና። የወሊድ አገልግሎት፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና ደግሞ ካርድ ባይኖርም በመንግሥት ተቋም በነፃ የሚሰጡ ናቸው።

መድኃኒት መደብር፦ ጥሩ ጎረቤት፣ መጥፎ ሐኪም

ለብዙ ሰው ከድንገተኛ ክፍል ይልቅ የሚቀርበው መድኃኒት መደብር ነው። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም። እንግሊዝ በጥር 2024 (በአውሮፓውያን) በጀመረችው አሠራር ፋርማሲስቶች የጉሮሮ ቁስለት፣ የጆሮ ሕመም፣ በሴቶች ላይ የሚከሰት ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ጨምሮ 7 ቀላል ሕመሞችን ያለ ሐኪም ወረቀት እንዲያክሙ ፈቅዳለች። ዓላማው የሐኪሞችን ጊዜ ለከባዱ ሕመም ማትረፍ ነው። ነገር ግን እዚያ ፋርማሲስቱ በተጻፈ መመሪያ ጠይቆ፣ መርምሮ፣ መዝግቦ ነው የሚሰጠው።

እኛ ጋ ያለው ልማድ ሌላ ነው። ሕመምተኛው «አሞክሳ ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩ ይሰጣል። ሕጉ ፀረ ባክቴሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሁለት ቀን ውጦ ሲሻለው የሚያቋርጥ ሰው በሰውነቱ የቀሩት ተህዋስያን መድኃኒቱን እንዲለምዱት ዕድል ይሰጣል። በ2019 (በአውሮፓውያን) መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ለትኩሳት ደግሞ ማስታገሻ ብቻ ገዝቶ ወባን ሳይመረመሩ መቆየት ትልቅ አደጋ ነው። በ2024 (በአውሮፓውያን) ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። እንደ ዝዋይ ዱግዳ ባለ ቦታ ያተኮሰው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት።

ስለዚህ ከመደብሩ ፓራሲታሞል፣ ኦ.አር.ኤስ፣ የቁስል ማጽጃ መግዛት ይቻላል። ፀረ ባክቴሪያና መርፌ ግን የጤና ጣቢያው ጉዳይ ነው።

የቤት ውስጥ ሕክምናም ቦታ አለው። አንድ ኦ.አር.ኤስ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥ፣ ጡት ማጥባትን አለማቋረጥ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ሳል ማር መስጠት ይጠቅማል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ጥቁር አዝሙዱም ሆነ ሩቅያው ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋልና። የሕፃን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ግን ደም በማፍሰስና በኢንፌክሽን ለሞት ስለሚዳርጉ መቆም አለባቸው።

በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መቼ?

ይህ ጽሑፍ ማንንም ከድንገተኛ ክፍል እንዲያስቀር አንፈልግም። ከሚከተሉት አንዱ ካለ መጠበቅ አያስፈልግም፦

- ሕፃን ጡት ወይም መጠጥ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደከመ ወይም ራሱን ከሳተ
- የመተንፈስ ችግር፣ ደረት ሲተነፍስ ወደ ውስጥ መሰርጎድ
- ነፍሰ ጡር ላይ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ
- ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን ሰውነት መስነፍ፣ የንግግር መንተባተብ
- የማይቆም ደም፣ የአጥንት ስብራት፣ ሰፊ ቃጠሎ፣ የእባብ ንክሻ
- ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ መጠጣት

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቆ በየቤቱ ስልክ ላይ መመዝገብ ብልህነት ነው። መንገዱ ከራቀ ጤና ጣቢያው የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ አምቡላንስ ሊጠራ ስለሚችል በእሱ በኩል ማለፉ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ከመስጂድና ከዕድር ምን ይጠበቃል?

ይህን ሥራ ለጤና ቢሮ ብቻ መተው አይበቃም። በኦጎልቾና በዙሪያዋ ሰው በብዛት የሚሰበሰበው በጁሙዓ ነው። ኢማሞች ከሰላት በኋላ በሚሰጥ አጭር ማስታወቂያ የጤና መድን ምዝገባ ወቅትን፣ የወባ ምርመራን፣ የአደጋ ምልክቶችን ቢያስታውሱ ከብዙ ስልጠና ይበልጣል። የምዝገባው ጊዜ ብዙ ቦታ ከመኸር በኋላ፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወቅት ነው።

ለመዋጮ ያቃታቸው፣ ግን በመንግሥት የደሃ ዝርዝር ውስጥ ያልገቡ ቤተሰቦች በየሰፈሩ አሉ። አንድ ባለሀብት በሰደቃው የአምስት ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮ ቢከፍል፣ በሆስፒታል በር ላይ ለልመና ሊወጡ የሚችሉ አምስት ቤቶችን አዳነ ማለት ነው። በዘካ መክፈል ይቻል እንደሆነ መልሱ የዑለማዎቻችን ነው፤ ጥያቄው ግን ሊቀርብላቸው ይገባል።

የመስጂድ ኮሚቴና ዕድር ሌላም ማድረግ ይችላሉ። የጤና ኬላው የሥራ ሰዓት በሩ ላይ እንዲለጠፍ፣ ባለሙያዎቹ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዳይወጡ፣ ያለቀ መድኃኒት ዝርዝር በየወሩ ለወረዳው እንዲደርስ መጠየቅ ትልቅ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው በየወሩ ሳይሰለቹ የሚጠይቁ ሽማግሌዎችን ነው። ባለሙያዋንም «ምን ቸገረሽ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውኃ የሌለው፣ መብራት የሌለው ኬላ ውስጥ ብቻዋን የምትሠራ እህት ከማኅበረሰቡ ወቀሳ ብቻ መስማት የለባትም።

የመግቢያችን እናት ቀጣዩን ሌሊት እንዴት ታሳልፋለች? ልጇ ከአደጋ ምልክቶቹ አንዱን ካሳየ አምቡላንስ ትጥራ፤ ማንም አያቆማት። ካላሳየ ደግሞ ጠዋት ላይ በእግሯ ሄዳ የምታንኳኳው በር ክፍት ሆኖ፣ ቴርሞሜትርና መድኃኒት ይዞ፣ በቋንቋዋ የምታናግራት ሴት ይዞ ሊጠብቃት ይገባል። ይህ ሲሆን ብቻ ነው «ለቀላል ሕመም ሆስፒታል አትሂዱ» ማለት ምክር የሚሆነው።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋ፣ ለሐኪሞቻችን ብርታት ይስጥልን። ኣሚን።